ሞተሩ ሲጠፋ ከየት እንጀምር? በካርቡራቶር መኪኖች የነዳጅ አቅርቦት ብልሽትን ስለ መመርመር

(በፋኩልቲው የሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ጊዜው ያለፈበት ሊመስል ይችላል። የዓለም የመኪና ፋብሪካዎች ካርቡራቶርን ትተው በኤሌክትሮኒክ ወደሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ከዞሩ ዐሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። በአገራችንም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል። ይሁን እንጂ አዲሱ ቶሎ በማይደርስበት ስፍራ የአሮጌው ዕድሜ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ኮሮላ ዲኤክስ፣ ላዳ፣ ቮልስዋገን፣ በቤንዚን የሚሠራው አሮጌው ላንድ ክሩዘር ከመንገዶቻችን ገና አልጠፉም። እነዚህ መኪኖች የብልሽት ቁጥር የሚያነብ መሣሪያ የሚሰካበት ቀዳዳ የላቸውም። ሕመማቸውን የሚናገሩት በምልክት ብቻ ነው፤ ምልክቱን የሚተረጉመው ደግሞ የሰው አእምሮ ነው።

ጉዳዩ በእኛ አካባቢ ለምን እንደሚከብድ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከነገሌ ወደ አሬሮ አቅጣጫ፣ ወይም ከያቤሎ ተነሥቶ በዱብሉቅና በሜጋ በኩል 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ሞያሌ የሚጓዝ ሰው መኪናው በቀትር ቢቆምበት፣ መለዋወጫው ያለው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ «እስኪ ይህን እንቀይርና እንየው» የሚለው የሥራ ልማድ በከተማ ገንዘብ ያባክናል፤ በቆላ መንገድ ግን ተሳፋሪን ከውኃና ከጥላ ርቆ እንዲያድር ያደርጋል። እኔ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው፦ ምልክት ምክንያት አይደለም፤ አንድ ፍተሻ ዋጋ የሚኖረውም ሁለት ተፎካካሪ ምክንያቶችን መለየት ሲችል ብቻ ነው። የቀረው ንግግሬ ይህን አሳብ በነዳጅ መስመር ላይ የሚዘረዝር ነው።

የነዳጁ መንገድ

በመጀመሪያ መንገዱን እናስተውል። ቤንዚኑ ከሰልባትዮው ተነሥቶ በቱቦ ወደ ፊልትሮ፣ ከፊልትሮው ወደ ፖምፓ፣ ከፖምፓው ወደ ካርቡራቶሩ ገንዳ ይደርሳል። በገንዳው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የነዳጁ ከፍታ ልኩ ላይ ሲደርስ መርፌ ቫልቩን ይዘጋል፤ ሲጎድል ይከፍታል። ከገንዳው በኋላ ነዳጁን የሚስበው ፖምፓው ሳይሆን አየሩ ነው። አየር በካርቡራቶሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በገንዳው ላይ ያለው ግፊት ደግሞ ነዳጁን ልኩ በታወቀ ቀዳዳ፣ ማለትም በጄቱ በኩል ወደ ጉሮሮው ይገፋዋል።

ይህን ለመረዳት ከቦረና የቱላ ጉድጓዶች የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በቱላው ውስጥ ሰዎች ከጥልቁ እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው ኦኮሌውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ውኃውን ወደ ላይ ያወጣሉ፤ ከላይ የሚጠብቀው ገንዳ ይሞላል፤ ከብቱም ከገንዳው ይጠጣል። ገንዳው ቢደርቅ አስተዋይ ሰው ገንዳውን አያፈርስም፤ ሰንሰለቱ የት ላይ እንደ ተቋረጠ ይጠይቃል እንጂ። እኛ ግን በጋራዦቻችን ዘወትር የምናየው ተቃራኒውን ነው። ሞተሩ በተንተፋተፈ ቁጥር የመጀመሪያው እርምጃ ካርቡራቶሩን መፍታት ይሆናል። ካርቡራቶር ሲፈታ በገንዳው ውስጥ የነበረው ነዳጅ ይፈሳል፤ የተንሳፋፊው ከፍታ ይናጋል፤ ከታች የረጋው ቆሻሻ ይጠረጋል። እነዚህ ሦስቱ ዋነኞቹ ማስረጃዎች ነበሩ። መፍታት የምርመራ መጨረሻ መሆን ሲገባው መጀመሪያ ከሆነ ማስረጃን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው።

ከመካከል መጀመር

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። ሥሩ በየትኛው ወገን እንዳለ ለማወቅ ግን ከመካከሉ መጀመር ይቀላል። ሰንሰለቱ ስምንት ክፍል ቢኖረው፣ ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ የሚፈትሽ ሰው እስከ ሰባት ጊዜ ሊደክም ይችላል። በእያንዳንዱ ፍተሻ የቀረውን ለሁለት የሚከፍል ሰው ግን በሦስት ፍተሻ ይጨርሳል። በነዳጅ መስመር ላይ መካከሉ የካርቡራቶሩ ገንዳ ነው።

ፍተሻው እንዲህ ይከናወናል። ሞተሩ እንደ ጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝና ሳይነካካ የአየር ማጣሪያው ክዳን ይነሣል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ወደ ጉሮሮው እየተመለከትን የነዳጅ መስጫውን አንድ ጊዜ በፍጥነት እንከፍታለን። ጠንካራ የቤንዚን ፍንጣቂ ከታየ ገንዳው ነዳጅ አለው፤ ሰንሰለቱ እስከዚያ ደርሷል። ምንም ካልታየ ገንዳው ደርቋል ብለን እንጠረጥራለን። ጥርጣሬ ያልሁት በምክንያት ነው፤ የፍንጣቂው መግፊያ ቆዳው ወይም ጎማው ደርቆ ከሆነ ገንዳው ሞልቶም ላይፈነጥቅ ይችላል። በብዙዎቹ የቶዮታ ካርቡራቶሮች ጎን ላይ የገንዳውን ከፍታ የሚያሳይ ትንሽ መስታወት ስላለ ነገሩን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። መስታወቱ በአቧራ ተሸፍኖ ባለቤቱ እንኳ መኖሩን የማያውቅበት መኪና ጥቂት አይደለም።

ገንዳው ሞልቶ ሞተሩ ከጠፋ ፖምፓውንና ፊልትሮውን ለጊዜው እንተዋቸው። የሚቀሩት የጄቶች መዘጋት ወይም ከነጭራሹ ሌላ ዘርፍ፣ ማለትም የእሳት ችግር ናቸው። ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና ወይም ኮንደንሰር ልክ እንደ ነዳጅ እጥረት ሞተርን ያጠፋል፤ ሲቀዘቅዝም ልክ እንደዚያው ይመለሳል። የካንዴላ ገመድ ነቅሎ ብልጭታውን ማየት የሚገባው በዚህ ቅጽበት ነው፤ ያም የፈሰሰ ነዳጅና የነዳጅ ትነት በሌለበት፣ የአየር ማጣሪያው ክዳን ከተመለሰ በኋላ ብቻ መሆን አለበት።

አንድ ምልክት፣ ሦስት ምክንያት

አሁን ገንዳው ደርቆ አገኘነው እንበል። አሽከርካሪው የሚነግረን ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ «ጠዋት በደንብ ይነሣል፤ ሜዳው ላይ ይሄዳል፤ ዳገት ሲይዝ ይንተፋተፍና ይጠፋል፤ ጥቂት ካረፈ በኋላ እንደ ገና ይነሣል።» ይህ ምልክት ቢያንስ ሦስት ምክንያቶች አሉት፦ የሰልባትዮው መተንፈሻ መዘጋት፣ የፊልትሮ ወይም የመምጠጫ ወንፊት መዘጋት፣ እንዲሁም በሙቀት ምክንያት ነዳጁ በቱቦው ውስጥ ተንኖ መስመሩን መያዙ።

ምልክቱ ለምን በዳገት እንደሚወጣ በቁጥር እንመልከት። በ100 ኪሎ ሜትር 18 ሊትር የሚጠጣ ትልቅ የቤንዚን ላንድ ክሩዘር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሰዓት 14.4 ሊትር፣ ማለትም በሰከንድ 4 ሚሊ ሊትር ያቃጥላል። በገንዳው ውስጥ ሊጠቀምበት የሚችለው 80 ሚሊ ሊትር ነው ብለን እናስብ። አቅርቦቱ ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥ ሞተሩ በ20 ሰከንድ ይጠፋል። መስመሩ ከሚፈለገው 60 በመቶ፣ ማለትም በሰከንድ 2.4 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢያሳልፍ ግን በየሰከንዱ 1.6 ይጎድላል፤ ገንዳውም ለመድረቅ 50 ሰከንድ ይፈጅበታል። ያው ሞተር ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ በሰዓት 1.5 ሊትር ቢጠጣ ይህ በሰከንድ ከግማሽ ሚሊ ሊትር በታች ስለሆነ እጥረቱ ከቶ አይሰማውም። እንግዲህ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ በጥሩ ድምፅ መሥራቱ መኪናው ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም። አሽከርካሪውን «ከመጀመሪያው መንተፋተፍ በፊት በሙሉ ኃይል ስንት ሰከንድ ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ያለ ምንም መሣሪያ የሚገኝ ልኬት ነው።

ሦስቱን ምክንያቶች የሚለዩት ፍተሻዎች ርካሽ ናቸው። መተንፈሻው ተዘግቶ ከሆነ ነዳጁ ሲጎድል በሰልባትዮው ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ሞተሩ እንደ ጠፋ ክዳኑ ሲከፈት አየር ወደ ውስጥ ሲገባ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሥቶ ይሄዳል። በሞቃት ቀን ትነት ወደ ውጭ ሊወጣም ስለሚችል ድምፁን ብቻ ሳይሆን የአየሩን አቅጣጫና ከዚያ በኋላ ሞተሩ የሚያሳየውን ለውጥ መመልከት ይገባል። ለብዙ ዓመታት ሲንከራተት የኖረ መኪና የመጀመሪያ ክዳኑ ጠፍቶ መተንፈሻ የሌለው ክዳን ተገጥሞለት ሊሆን ይችላል።

ትነቱ ከሆነ ጥፋተኛው፣ ብልሽቱ ከሰዓቱ ጋር ይሄዳል፤ በቀትር ይመጣል፣ ሌሊት ይጠፋል። ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ በመሆኑ ቀላሎቹ ክፍሎቹ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት መፍላት ይጀምራሉ። ከሞተሩ ጎን የተገጠመ ፖምፓ ደግሞ ነዳጁን ከሩቅ የሚስበው ግፊቱን በመቀነስ ስለሆነ የመፍያ ነጥቡን ይብስ ዝቅ ያደርገዋል። ፖምፓ ፈሳሽን እንጂ ትነትን በሚገባ መግፋት አይችልም። ፍተሻው በፖምፓውና ከእርሱ በፊት ባለው ቱቦ ላይ በውኃ የራሰ ጨርቅ ማኖር ነው። በዚህ ጊዜ ክዳኑን መክፈት የለብንም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ካደረግን የትኛው እንዳዳነው አናውቅምና። ሞተሩ በጨርቁ ከተመለሰ መፍትሔው ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅና ከሙቀት መከለል ነው፤ አዲስ ካርቡራቶር መግዛት አይደለም።

ፊልትሮው ወይም ወንፊቱ ከሆነ ብልሽቱ ሰዓት አይመርጥም፤ የሚከተለው ጭነትን ነው። በሌሊት ብርድም ዳገት ላይ ይመጣል። ከእረፍት በኋላ የሚሻለው ገንዳው ቀስ በቀስ ስለሚሞላና ወንፊቱ ላይ የተለጠፈው ቆሻሻ መመጠጡ ሲቆም ስለሚራገፍ ነው።

ፖምፓውን መለካት

ሦስቱም ካልሆኑ ፖምፓው ይለካል። ልኬቱ ሁለት ነው፤ ግፊትና መጠን። አብዛኞቹ ሜካኒካል ፖምፓዎች ከ0.2 እስከ 0.4 ባር በሚደርስ ግፊት ይሠራሉ፤ ትክክለኛውን ቁጥር የሚሰጠው የመኪናው መመሪያ ነው። የግፊት መለኪያ በሌለበት ጋራዥ መጠኑን መለካት ይቻላል። ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባው ቱቦ ተነቅሎ ምልክት ወዳለበት ዕቃ ይዞራል፤ ሞተሩ በገንዳው ቀሪ ነዳጅ በሚኒሞ እየሠራ ለ30 ሰከንድ የወጣው ይለካል። ቀደም ሲል ያሰላነው ላንድ ክሩዘር በደቂቃ 0.24 ሊትር እንደሚፈልግ አይተናል። ፖምፓው በ30 ሰከንድ 120 ሚሊ ሊትር ብቻ ከሰጠ ለሜዳው ብቻ ይበቃል፤ ለዳገትና ለሙቀት የሚተርፍ የለውም። በዕቃው ውስጥ አረፋ ከታየ ደግሞ ከፖምፓው በፊት አየር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። ያን ስንጥቅ ሁልጊዜ ነዳጅ በማንጠባጠብ አናገኘውም፤ በመሳብ ወገን ያለ ቀዳዳ አየር ይስባል እንጂ ነዳጅ አያፈስምና። የፖምፓው ዲያፍራም ሲቀደድ ነዳጁ ወደ ሞተር ዘይት ሊወርድ ስለሚችል የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ማሽተትም የምርመራው አንድ ክፍል ነው።

ተቃራኒ ሕመሞች በአንድ ስም

«ሲሞቅ አይነሣም» የሚለው አቤቱታ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። መኪናው ቆሞ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሲያርፍ የሞተሩ ሙቀት ወደ ካርቡራቶሩ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ሊከሠቱ ይችላሉ። በቱቦው ውስጥ ያለው ነዳጅ ተንኖ ገንዳው ሊደርቅ ይችላል፤ ወይም በገንዳው ውስጥ ያለው ፈልቶ ወደ ጉሮሮው በመፍሰስ ሞተሩን ሊያጥለቀልቀው ይችላል። በአንደኛው ነዳጅ ጠፍቷል፤ በሁለተኛው ተትረፍርፏል። ሁለቱን በአንድ መድኃኒት የሚያክም ሰው አንዱን ሲያድን ሌላውን ይገድላል። መለያው ጉሮሮውን ማየት ነው። ርጥብ ከሆነና የቤንዚን ሽታ ከከበደ የነዳጅ መስጫውን ሳይደጋግሙ እስከ መጨረሻው ረግጦ በመያዝ ሞተሪኖውን ማዞር ትርፉን ያስወጣል። ደረቅ ከሆነ ማቀዝቀዝና መጠበቅ ይበጃል።

በተመሳሳይ መንገድ ሞተሩ በፍጥነት ሲሄድ ደኅና ሆኖ በሚኒሞ ብቻ ከጠፋ ፖምፓውን መጠርጠር ከንቱ ነው፤ ብዙውን ያደረሰ ጥቂቱን አይነሣምና። ያኔ የሚታየው የሚኒሞው ጄትና፣ ካለው፣ የነዳጅ መዝጊያው ኤሌክትሪክ ቫልቭ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ይህ ቫልቭ «ቀጭ» ማለት አለበት።

የከፍታው ነገር

«መኪናው የደጋ ነው፤ ቆላ ሲወርድ አይስማማውም» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ መጠኑን ግን እናስላ። ካርቡራቶር አየርን በመጠን እንጂ በክብደት ስለማይለካ የነዳጁና የአየሩ የክብደት ንጽጽር ከአየሩ ጥግግት ካሬ ሥር ጋር በተገላቢጦሽ ይለዋወጣል። በመደበኛው ከባቢ አየር ስሌት 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ጥግግቱ የባሕር ወለሉ 79 በመቶ፣ 1,475 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ነገሌ 87 በመቶ፣ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሞያሌ 90 በመቶ ያህል ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር ነገሌ ሲደርስ ድብልቁ ከ4 እስከ 5 በመቶ፣ ሞያሌ ሲደርስ 6 በመቶ ያህል ነዳጅ ይጎድለዋል። የቆላው ሙቀት አየሩን መልሶ ስለሚያሳሳ ልዩነቱ ከዚህም ያንሳል። ይህ ጤነኛ ሞተርን አያጠፋም። ቀድሞውኑ ነዳጅ ያነሰውን ሞተር ግን ያጋልጠዋል። ስለዚህ «ከፍታው ነው» ብሎ ጄት የሚቀይር ሰው እውነተኛውን ብልሽት እየሸፈነ ሊሆን ይችላል።

ነዳጁ ራሱ

እስካሁን ነዳጁን ንጹሕ አድርገን ቆጥረነዋል። ማደያ በሌለበት ወይም ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ ግን ቤንዚን በጀሪካንና በውኃ ፕላስቲክ ይሸጣል። በዚህ ሂደት ውኃ፣ አሸዋና ነጭ ጋዝ ይገቡበታል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ግልጽ ብርጭቆ ውስጥ ቀድቶ ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ከታች የተለየውን ያሳያል። ነጭ ጋዝ ግን ከቤንዚን ጋር ስለሚዋሐድ በዚህ መንገድ አይለይም። ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ ማድረቅ ቅባታማ ነጥብ በመተው ጥርጣሬ ይሰጣል፤ የተሻለው ግን ጥግግትን መለካት ነው። ነጭ ጋዝ የበዛበት ነዳጅ ሞተሩ በብርድ እንዳይነሣ፣ በጭነት ላይም እንዲያንኳኳ ያደርጋል።

ኤታኖልም ታሪክ አለው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 5 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ በ2011 ድርሻው ወደ 10 በመቶ አድጎ ነበር። ኤታኖል ውኃን ይቀበላል፤ የቀድሞ ዲያፍራሞችና ቱቦዎች የተሠሩበትን ጎማ ሊያጠቃ ይችላል፤ በአሮጌ ሰልባትዮ ግድግዳ ላይ የተጋገረውንም አላቆ ወደ ፊልትሮ ይልካል። የነዳጅ ዓይነት በተለወጠ ሰሞን ተደጋግሞ የሚዘጋ ፊልትሮ ምክንያቱን ከዚህ ሊያገኝ ይችላል።

ሕይወትን የሚነኩ ሁለት ልማዶች

ሁለት ልማዶችን ሳላነሣ ባልፍ ኃላፊነቴን አልተወጣሁም። አንደኛው ቤንዚንን በቱቦ በአፍ መሳብ ነው። ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ከባድ የሳንባ ጉዳት ያስከትላል፤ የዋጠም ሰው እንዲያስመልስ ማድረግ አደጋውን ያባብሰዋል፤ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ሁለተኛው በጉሮሮው ላይ ቤንዚን እያፈሰሱ ሞተሪኖውን ማዞር ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተፋ እሳቱ የሚያገኘው የአፍሳሹን ፊትና በእጁ የያዘውን ዕቃ ነው። ብዙ ወጣት ረዳቶች ይህን የሚያደርጉት አለቆቻቸው ሲያደርጉ ስላዩ ነው። ከላይ የዘረዘርኋቸው ፍተሻዎች አንዳቸውም ይህን አይጠይቁም። የመጠን ልኬቱም ቢሆን ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ቱቦው በሚገባ ታስሮ፣ የእሳት ማጥፊያ በአጠገብ ኖሮ ይከናወን።

ለዩኒቨርሲቲ ምን ይፈይዳል?

ተማሪዎቼ «ነገ በኤሌክትሪክ መኪና ለምንሠራ ሰዎች ይህ ምን ይጠቅመናል?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም፣ ካርቡራቶር ጥሩ መምህር የሚሆነው መልሱን በመስኮት ላይ ስለማይጽፍ ነው የሚል ነው። ዘመናዊው መሣሪያም ቢሆን የሚሰጠን ቁጥር ምልክት እንጂ ምክንያት አይደለም። «የድብልቁ ነዳጅ አንሷል» የሚል ቁጥር ያነበበ ባለሙያ፣ ፖምፓውን፣ ፊልትሮውን፣ የአየር መግቢያውን ወይም ዳሳሹን ራሱን የሚለይ ፍተሻ ማሰብ ካልቻለ፣ ካርቡራቶር ከሚፈታው ሰው የሚለየው በዕዳው መጠን ብቻ ነው።

ከከተማው ጋራዦች ለመጣችሁ ባለሙያዎች አንድ ልመና አለኝ። እያንዳንዱን ብልሽት ስታገኙ ሦስት ነገሮችን በደብተር ጻፉ፦ ምልክቱ በምን ሰዓትና በምን ጭነት መጣ፣ የትኛው ፍተሻ ምን አሳየ፣ በመጨረሻ የተገኘው ምክንያት ምን ነበር። የነገሌንና የአሬሮን መንገድ፣ የዚህን አገር ሙቀትና አቧራ የሚያውቅ የጥገና መጽሐፍ ከጃፓን አይመጣልንም። የሚጻፍ ከሆነ በእናንተ ደብተርና በተማሪዎቻችን መለኪያ ይጻፋል። የፋኩልቲው ወርክሾፕ ውስጥ የነዳጅ ጥግግት መለኪያና የግፊት መለኪያ አለ፤ የተጠራጠራችሁትን ነዳጅ ወይም ፖምፓ ይዛችሁ ስትመጡ ተማሪዎቻችን ከእናንተ ጋር ይለካሉ፤ ከእናንተም ይማራሉ።

 ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።